መክተፊያ ላይ የተማርኩት ቻይንኛ

ከሚሴ ላይ "እንደምን አደርሽ" የሚለኝ ሰው ጠፍቷል። "እስቲ ቻይንኛ ተናገሪ!" ነው ሰላምታዬ። ሰርግ ቤት ብሄድ አንዷ ጎንተል ታደርገኛለች፤ ለቅሶ ቤት ብሄድ፣ አዎ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ "ቶይባ፣ እስቲ አንዲት ቃል" ይሉኛል። ስናገር ደግሞ ይስቃሉ። እኔ ምን ልሁን፣ የሰርግ አጫዋች? ቋንቋው እንዴት እንደገባኝ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። ሳልጠየቅ ልናገረው እንግዲህ።

የሼህ በድሩ ልጅ ነኝ። አባቴ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ ግራሯ ስር፣ የሰፈር ልጆችን ቁርአን ያቀራሉ፤ መቅራት እኛ ዘንድ ማንበብ ነው። እኔም ፊደል የለየሁት እዚያው፣ በሉህ ነው። ሉህ ማለት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ልጁ በከሰልና በሙጫ በተበጠበጠ ቀለም የዕለቱን ይጽፍበታል፤ እየተወዛወዘ፣ ጮክ እያለ ይቀራዋል። ያዝኩት ሲል ሰሌዳውን ወደ አባቴ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ይለዋል። አባቴ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ይሰማሉ። አንዲት ፊደል ከሳተ "ተመለስ!" ነው። ካልሳተ "እጠበው" ይሉታል። ሉህ የሚታጠበው ያኔ ብቻ ነው። ያጠበበትንም ውሃ ይጠጣዋል፣ ሆዱ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ። ያለ አባቴ ፈቃድ ሉህ ያጠበ ልጅ ጉዱ ፈላ፤ እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ጆሮዬ ዛሬም አልረሳውም።

ደሴ ተምሬ በተመረቅኩ በዓመቱ፣ በሁለት ሺህ ሦስት መሆኑ ነው፣ ቻይና ሄዶ የመማር ዕድል ደረሰኝ። የውሃ ምህንድስና። የቦርከና ወንዝ በየክረምቱ የጨፋን ሜዳ ማሽላ ጠርጎ ሲወስድ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ሌላ ትምህርት አላማረኝም። ችግሩ ትምህርቱ የሚሰጠው በቻይንኛ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ቋንቋ ብቻ መማር አለብኝ።

ልሄድ ስል አባቴ ወዳጃ ጠሩ። የሰፈሩ ሽማግሌ ተሰብስቦ ዱአ ሊያደርግልኝ ነው። ከዱአው በፊት ግን ወሬ ተነሳ።

"ሴት ልጅ፣ ብቻዋን፣ ቻይና ድረስ? ምን ልታመጣ ነው ሼህ?" አሉ አንዱ።

"ዒልምን ፈልጉ፣ ቻይና ድረስም ቢሆን ተብሏል እኮ" አሉ አባቴ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃት፣ ዕውቀትን ፈልጉ የምትል አባባል ናት።

ሰው "እውነት ነው" ሊል ሲል ሙጂብ ጉሮሮውን ጠረገ። ሙጂብ የአክስቴ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የሃይማኖት ኪታብ ቀርቶ ከተመለሰ ወዲህ እሱ ያላረመው ሰው የለም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ሼህ፣ ያ ሐዲስ ሰነዱ ደዒፍ ነው" አለ። "ደካማ ነው። በደካማ ሐዲስ ልጅ አይላክም።"

 እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ፤ ሙጂብን በቀዳዳው አሻግሬ በዓይኔ ልበላው ደረስኩ። 

"ሐዲሱ ደካማ ሊሆን ይችላል" አሉ አባቴ። "ልጄ ግን ደካማ አይደለችም። ተምራ ትመጣለች። ዋሷ እኔ ነኝ።"

ከዚያ እጃቸውን ለዱአ ዘረጉ፣ ሰውም "አሚን" አለ። እኔ ግን አሚን ማለቱ ጠፋኝ። ያን ሁሉ ሽማግሌ ሰብስበው ዋስ ሆኑልኝ! ወድቄ ብመለስ የምወድቀው ብቻዬን እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

የገባሁባት ከተማ በቻይና ሰሜን በኩል ናት። ያ አላህ! ሰዉስ እሺ፣ ፎቁስ እሺ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ጽሑፉ ነው። ግድግዳው ተጽፎበታል፣ ደጃፉ ተጽፎበታል፣ አውቶቡሱ ተጽፎበታል፣ የቆሻሻ መጣያው ሳይቀር ተጽፎበታል። እኔ አማርኛ አነባለሁ፣ ዐረብኛ አነባለሁ፣ ኦሮምኛ በቁቤ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛም ይቅርብኝ አልል። እዚያ ስደርስ ግን መሃይም ሆንኩ። የሴቱን መጸዳጃ ቤት ከወንዱ መለየት አቅቶኝ ሴት እስክትገባ ደጅ ቆሜ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ጥርሱን በቅጡ ያልጨረሰ ህጻን የእናቱን እጅ ይዞ፣ የሱቁን ስም ሁሉ እያነበበ ሲያልፍ አየሁ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይሄ ጢንጥዬ ይሄን ሁሉ ጫካ በምን እግሩ አቋረጠው? ሱብሃነላህ! ብዬ እስኪጠፋ በዓይኔ ሸኘሁት።

አስተማሪያችን ሊን ላኦሺ ትባላለች፤ ላኦሺ መምህር ማለት ነው። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን የሰንበቴን ገበያ ዝም ያሰኛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከቻይንኛ ሌላ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም። በር ስትል ሄዳ በሩን ትመታለች፣ ውሃ ስትል ኩባያውን አንስታ ትጠጣለች። "ትናንት" ስትል ምን እንደምትመታ ግራ ገብቷት እጇን ወደ ኋላዋ ስታወናጭፍ ዝንብ የምታባርር መስሎኝ ነበር። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ልምምድ፣ ማታ የቤት ሥራ፤ በማግስቱ ደግሞ አዲስ የቃል ክምር። ዛሬ ያወቅኩት ነገ የለም።

አብራኝ የምታድረው ሶፍያ የምትባል የካዛክስታን ልጅ ነበረች። ከሰላምታና ከቢስሚላህ በቀር የጋራ ቋንቋ አልነበረንም፤ የቀረውን በእጃችን እንጨርሰዋለን። እሷ እንደ ዋዛ ስትራመድ እኔ ወረቀት ላይ ወረቀት እደረድራለሁ። ቃሉን እየጻፍኩ ግድግዳው ላይ፣ ቁምሳጥኑ ላይ፣ ራስጌዬ ላይ ለጠፍኩ። መስታወቷ ላይ ስለጥፍባት ግን ሶፍያ በካዛክኛ ሰደበችኝ፤ ስድብ መሆኑ ገብቶኛል። ማጥኛ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሰው ኮሽ አይልም። እኔም አፍሬ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አጠናሁ።

የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስ ወረቀቴ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ከጻፍኩት ይበልጥ ነበር። የውጭ ተማሪዎች ኃላፊው መጥቶ በእንግሊዝኛ አስታወቀን፤ የግማሽ ዓመቱን ፈተና ያላለፈ የትምህርት ዕድሉ ይቋረጣል፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አፈርኩም። ከሁሉ ከሁሉ የሙጂብ ጉሮሮ መጥረግ ነበር በጆሮዬ የሚመጣብኝ።

በዚያው ቀን አባቴ ጋ ደወልኩ። ልመጣ ነው ልላቸው ነበር።

"ኢንተለኮ! ልጄ!" አሉኝ፤ ደስ ሲላቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። "አማን ነሽ? ብርዱስ? ትምህርቱስ?"

"አባ፣ አልገባ አለኝ። ሙጂብ ሳያሸንፍ አይቀርም።"

"ሙጂብን ተይው፣ የራሱን ኪታብ ይቅራ። አንቺ እንዴት ነው የምትቀሪው?"

"ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ግድግዳው ሞልቷል።"

"ጮክ ብለሽ ትቀሪዋለሽ?"

"ኧረ አባ፣ እዚህ ሰው ይረበሻል።"

"ታጥቢዋለሽ?"

"አንቱ ደግሞ! ወረቀት ይታጠባል እንዴ?"

"እንግዲያ ምኑን ተማርሽው?" አሉ አባቴ። "ጮክ ብለሽ አልቀራሽ፣ አላጠብሽ። ግድግዳውን ነው ያስተማርሽው።"

ተናደድኩ። እሳቸው ሁሉንም ነገር ከግራሯ ስር ነው የሚያዩት! እኔ ቻይና ነኝ፣ እሳቸው ስለ ሉህ ያወሩኛል። ልመጣ ነው ማለቱንም ረስቼ ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ ሰሞን አንድ ቀን የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግጄ መስኮቱን ከፈት ሳደርግ ከሩቅ ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚያነበንብ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ።  ቁርአን ነው! እዚሁ፣ ከጀርባችን፣ ቁርአን የሚቀራ ደረሳ አለ! "ሶፍያ! ሙስሊሞች! ሙስሊሞች!" ብዬ ብቀሰቅሳት ትራሷን ወረወረችብኝ። ሻሼን ጠምጥሜ፣ ጫማዬን በቅጡ ሳላደርግ፣ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ከማደሪያችን ጀርባ ትንሽ የዛፍ ቦታ አለች። ስደርስ እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ቻይናውያን ተማሪዎች ናቸው። አንዱ አንዱን ሳያይ፣ እያንዳንዱ የራሱን ዛፍ ወይም የራሱን ግድግዳ ፊት ለፊት ይዞ፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ ይቀራል። አንዷ እንግሊዝኛ ትላለች፣ በኋላ እንደተረዳሁት አንዱ የሕግ አንቀጽ ይላል፣ አንዱ የጥንት ግጥም ያንበለብላል። ዛፎቹ መሃል ካለች ቧንቧ አጠገብ የቆመ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። ወላሂ ይወዛወዛል!  እኔ የከሚሴ ሕጻናት ሥራ ነው ብዬ ያፈርኩበትን፣ ፊደሉ የአባታቸው ርስት የሆነ ሰዎች ገና በማለዳ ቆመው ይሠሩታል።

ከዛፎቹ ባሻገር ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ባልዲ ውሃና መጥረጊያ የሚያህል ብሩሽ ይዘዋል። ብሩሹን ውሃው ውስጥ እየነከሩ መሬቱ ላይ ይጽፋሉ። ቀለም የለም፣ ውሃ ብቻ! ፊደሉ እንዴት ያምር ነበር! እየጻፉ ወደ ኋላ፣ እየጻፉ ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ደርቆ ጠፍቷል። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ተመለሱና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

አላስቻለኝም። "ዬዬ" አልኳቸው፤ አያቴ እንደማለት ነው። "ዬዬ፣ ይጠፋል እኮ!"

ቀና ብለው ሻሼን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ሳቅ አሉ። የደረቀውን ድንጋይ ሳይሆን የገዛ ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ።

"እዚህ አለ" አሉኝ።

ማንም በር ሳይመታልኝ፣ ማንም ውሃ ሳይጠጣልኝ የገባኝ የመጀመሪያው ቻይንኛ ይህ ነው። ድንጋዩ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። አባቴ ቻይናን አያውቋት፤ እኚህ ሰውዬ ከሚሴን አያውቋት። ማን ነው ለሁለቱም የነገራቸው? ፀሐይዋ ወጥታ ሜዳው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወረድኩ። ሉህ ከየት ይምጣ? ትልቅ የሥጋ መክተፊያ ገዛሁ፤ ብሩሽና ጥቁር ቀለምም ጨመርኩ። ሶፍያ መክተፊያውን ስታይ ሥጋ ልንሠራ መስሏት ደስ ብሏት ድስቱን አጠበች። አላህ ይይላት! ወረቀቴን ሁሉ ከግድግዳው ልጬ ጣልኩ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከቧንቧው ወዲህ ያለችውን ዛፍ ያዝኩ። ማንም አላፈጠጠብኝም፤ እንዲያውም ያቺ እንግሊዝኛ የምትቀራው ልጅ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። እየተወዛወዝኩ፣ በአባቴ ግቢ ድምፅ ቀራሁ። ክፍሌ ስመለስ መክተፊያው ላይ እጽፋለሁ፣ ወደ ሶፍያ አዙሬ በቃሌ እላለሁ፣ እሷ በጣቷ ትከተላለች። ስሳሳት እንድትለኝ "ተመለሽ!" የሚለውን አማርኛ አስተማርኳት፤ ምነው ባላስተማርኳት ኖሮ፣ በየደቂቃው ነበር የምትለኝ።

"እጠቢው" የሚለውን ግን አላስተማርኳትም። ያ የአባቴ ነው። በገዛ ፈቃዴ እያጠብኩ፣ በታጠበ ቁጥር ጆሮዬ የሚቆነጠጥ እየመሰለኝ ኖርኩ።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ምዕራፍ እምቢ አለኝ። ጻፍኩት፣ ቀራሁት፣ ነጋ ጠባ ይጠፋኛል። የቀረኝ አንድ ነገር ነው ብዬ፣ ያጠብኩበትን ውሃ በኩባያ ቀዳሁና ቢስሚላህ ብዬ ጨለጥኩት። የሱቅ ቀለም መሆኑን ማን አስቦት! የአባቴ ቀለም ከሰልና ሙጫ ነው፤ ይሄኛው ጫማ ቀለም ጫማ ቀለም ይላል። ሶፍያ ገብታ ጥርሴን ስታየው የጮኸችው ጩኸት ፎቁን አናወጠው። ወዲያው ሮጣ ሄዳ ሊን ላኦሺን ይዛት መጣች።

"ምን ጠጣሽ? ለምን?" አለችኝ ላኦሺ፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል።

ሆዴን ይዤ ነገርኳት። እኛ አገር እንጨት ላይ እንጽፋለን። አባቴ መምህር ናቸው። እንቀራለን፣ እናጥባለን፣ ውሃውን እንጠጣለን፣ ሆዳችን ውስጥ ይቀመጣል። አባቴ በሰው ፊት ዋስ ሆነውልኛል፤ ከወደቅኩ እሳቸው ያፍራሉ። ይህን ስል እንባዬ መጣ።

ላኦሺ አልጋዬ ላይ ቁጭ አለች። መነጽሯን አወለቀች። ሳቀች መሰለኝ፣ ቆይቼ ሳየው ግን ዓይኗ እርጥብ ነው።

"እኛ የተማረ ሰው ስናይ ሆዱ ውስጥ ቀለም አለው እንላለን" አለችኝ። "አባባል ነው። እኔ እስከ ዛሬ አባባል ይመስለኝ ነበር።"

ወይ የአላህ ሥራ! እኛ እንጠጣለን፣ እነሱ ይሉታል። በመካከላችን ያለውን ባሕርና ተራራ አስቤ ማመን አቃተኝ። እሷ ግን ወዲያው መምህርነቷ ተመለሰባትና ሙቅ ውሃ በላይ በላዩ ጋተችኝ፤ ቻይና ውስጥ እሱ የማያድነው በሽታ የለም። ዳግመኛ ቀለም ብትጠጪ እኔ ነኝ የማባርርሽ ብላ ወጣች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የገባኝ፤ ያን ሁሉ የነገርኳት በቻይንኛ ነበር።

ፈተናውን አለፍኩ። አንደኛ አልወጣሁም፣ አልዋሽም፤ ግን አለፍኩ። ውጤቱን አይቼ በአውቶቡስ ስመለስ መስኮቱን ተደግፌ ነበር። በድንገት አንድ ግድግዳ "መድኃኒት ቤት" አለኝ። ቀጥሎ "የጥርስ ሐኪም"። ቀጥሎ "ቀስ በል፣ ትምህርት ቤት አለ"። ያ ሁሉ ጫካ አፍ አውጥቶ ያናግረኝ ጀመር! እንዳልጮህ አፌን በሻሼ ያዝኩ። መውረጃዬን አሳልፌ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እያነበብኩ ሄድኩ። ለአባቴ ደውዬ "አለፍኩ" ስላቸው "አልሃምዱሊላህ" አሉ።

በክረምቱ ለእረፍት ከሚሴ መጣሁ። አባቴ ያንኑ ወዳጃ እንደገና ጠሩ፤ ሙጂብም መጣ። ገና ዱአው ሳያልቅ፣ "እስቲ ቻይንኛ ተናገሪ" ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? እሱ!

"ቆይ" አሉ አባቴ።

ተነስተው ከጓዳ አንድ ሉህ አመጡ። አወቅኩት፤ ጠርዙ በእጄ የተበላ፣ የልጅነቴ ሉህ ነው። ቀለሙን ከፊቴ አስቀመጡ።

"ጻፊ።"

እኚያ የቻይና ሽማግሌ በውሃ ይጽፉት የነበረውን፣ በኋላ ዛፌ ስር በቃሌ የያዝኩትን ግጥም ጻፍኩ።  ጨርሼ ሉሁን ወደ አባቴ አዞርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እየተወዛወዝኩ በቃሌ አልኩት።  መሃል ላይ ሳላስበው ዓይኔን ገለጥ አደረግኩ። አባቴ ጎንበስ ብለው ፊደሉን በጣታቸው ይከተላሉ፤ እንደ ቁርአን፣ ከቀኝ ወደ ግራ። አንዲቱንም አያውቋትም። አንዲቱንም ግን አልዘለሉም። እኔ የመጨረሻዋን ቃል ስል የሳቸውም ጣት ሉሁ ጠርዝ ላይ ደረሰ።

ቀና ሲሉ ጺማቸው ርሷል። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሙጂብን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"እጠቢው" አሉኝ።